ያልተዘጋው ቅንፍ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ባለው የጤና ቢሮ የእኔ ሥራ ከየጤና ጣቢያው በስልክ የሚላኩ አጫጭር መልእክቶችን መዝገብ ውስጥ ማስገባት ነበር። ነርሶቹ የተጎጂውን ጾታና ዕድሜ ይጽፉና ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ በቅንፍ ያሰፍራሉ። እኔ የምፈልገው ቅንፍ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

አሮጌው ፕሮግራማችን ከጽሑፍ ውስጥ የተፈለገውን ቅርጽ በአንድ ትእዛዝ ለይቶ የሚያወጣውን፣ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባለውን ዘዴ ስለማያውቅ ኮዱን በራሴ መንገድ ጻፍኩት። መጀመሪያ የሚከፍተው ቅንፍ ስንተኛ ፊደል ላይ እንዳለ ይፈልጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚዘጋውን ይፈልጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ቆርጦ ያወጣል። አንዱን ካጣ መልእክቱን ዘሎ ያልፋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሞከርኩት፤ ሠራ።

ደስታዬ የቆየው የወጣውን እስካነብ ድረስ ነው። "በድንበር ጠብ በገጀራ ተመትቶ ሁለት ጣቱ የተቆረጠ።" "ወንድሙ በድንጋይ የፈነከተው።" "ባሏ የፈላ ውሃ የደፋባት።" ድሮ ከሌላው ጽሑፍ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ዓይኔ ያልፈው ነበር። አሁን ጭካኔው ብቻ ተለይቶ መጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ጠራችኝ።

"ከገረሴ ከተማ በላይ ካለው ጤና ጣቢያ ሰባት መልእክት ገብቷል፤ አንተ መዝገብ ላይ ያለው ስድስት ነው። አንዱ የት ሄደ?"

ፈልጌ አገኘሁት። ፕሮግራሙ የዘለለው ነው። "ሴት፣ ሃያ ስድስት ዓመት (ባሏ በመጥረቢያ ዛቢያ ደብድቧት፣ ግራ ዓይኗ፣ አሁን በሩን" ይላል። እዚያ ላይ ያበቃል፤ የሚዘጋ ቅንፍ የለውም።

የላከችውን ነርስ ብደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። በማግስቱ ማለዳ ከሲቀላ መናኸሪያ መኪና ይዤ ገረሴ ወጣሁ፤ የቀረውን በሞተር ሳይክል ሄድኩ። የጤና ጣቢያው በር በአዲስ ጣውላ ተጠግኗል። ነርሷ ሥራ ላይ ነበረች። ከንፈሯ አብጧል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም።

"ሲስተር፣ የላኩት መልእክት እኔ ጋ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አላየሁትም" አልኳት።

"ተልኮ ነበር እንዴ?" አለች ገርሟት። "ስጽፍ የተደበደበችው ሴት አልጋው ላይ ተኝታለች። ባሏ ውጭ ሆኖ 'ሚስቴን አውጪ!' እያለ በሩን ይቀጠቅጣል። ዛቢያውን እንደያዘ ሰብሮ ገባ። መጀመሪያ ስልኩን ከእጄ መታው፤ ቀጥሎ አፌን። ወደ አልጋው ሲዞር ከኋላ እግሩን ያዝኩት። ወደቀ። ወድቆም ደረቴን ይረግጠኛል። አልለቀቅኩትም።"

"ከዚያስ?"

"ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። በሸክም ገመድ አሰሩት፤ ሚሊሻ እስኪደርስም በዚያው በዛቢያው ወገሩት። ተዉ ማለት ነበረብኝ፣ ነርስ ነኝ። አላልኩም፣ ወንድሜ። ቆሜ አየሁ። ክንዱ ተሰብሮ ነበር። እኔው ጠገንኩለት" አለች።

ሚስቲቱን አርባ ምንጭ ወስደዋታል፤ ዓይኗ ግን አልተረፈም። ሰውዬው ታስሯል።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳት።

"ብታየውስ ኖሮ? አንተ ከሴቻ እዚህ እስክትደርስ እኮ ሁሉም አልቆ ነበር። ብቻ ሴትዮዋ ከመዝገቡ እንዳትጠፋ።"

ተመልሼ ኮዱን ቀየርኩት። የሚዘጋ ቅንፍ ሲያጣ አይዘልም፤ ከተከፈተው እስከ መጨረሻው ያለውን ወስዶ ሰው እንዲያነበው ለብቻ ያስቀምጣል። በቆዩት መልእክቶች ላይ እንደገና ባስኬደው ሌሎች አራት ወጡ። አለቃዬና እኔ ተካፍለን ደወልን። ሦስቱ የችኮላ ስህተት ነበሩ። አራተኛውን የላከው ከምዕራብ ዓባያ በኩል ያለ ነርስ ነው፤ ስለ አንዲት ሴት የጀመረውን መልእክት አነበብኩለት።

"እየጻፍኩ ሳለ እኮ ነው የሞተችው" አለኝ። "ልጨርሰው አልቻልኩም።"

"አሁን ይንገሩኝ" አልኩት።

ነገረኝ፤ በታናሽ ወንድሟ ጦር ሆዷን ተወግታ ነው። ቃል በቃል ጻፍኩት።