ከሰልፉ የወጣሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የካ አባዶ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር ሕይወት የምትባል ልጅ በሬን አንኳኳች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ ልቧ ግን ያለው ፖሊስነት ላይ ነው። ጡረታ የወጣሁ ፖሊስ መሆኔን ሕንፃው ሁሉ ስለሚያውቅ ጥያቄዋን ይዛ መጣች።

«እትዬ ሮማን፣ አሁኑኑ ኮንስታብል ሆኜ ልቀጠር ወይስ ዲግሪዬን ይዤ በመኮንንነት ልግባ? ኦንላይን ያነበብኩት ሁሉ ጭራሽ ኮንፊውዝ አደረገኝ።»

«ዲግሪሽን ጨርሺ» አልኳት። ሻይዋን ጠጥታ፣ አመስግናኝ ሄደች። እኔ ግን ብርጭቆውን ሳላነሳ ብዙ ተቀመጥኩ።

በወጣትነቴ ኮተቤ ነበር የምንኖረው። አስቴር ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ነበረች። እሷ ማትሪክ አልመጣላትም፤ እኔ የመምህራን ኮሌጅ ገባሁ። ማስተማር አልወድም ነበር። ሁለታችንም የምንመኘው ፖሊስ መሆን ነበር። ያኔ ጉርድ ሾላ ላይ የምትቆም አንዲት ሴት ትራፊክ ነበረች፤ እጇን ስታነሳ የጭነት መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። እሷን ለማየት ብቻ ከኮተቤ በእግራችን የሄድንባቸው ቀናት አሉ።

አንደኛ ዓመት በጨረስኩበት ክረምት የኮንስታብል ቅጥር ወጣ። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ግርጌ እየወጣን መሮጥ ጀመርን። ጭቃው ጫማችን ላይ ይከብዳል፤ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሽታው ጉሮሮ ይከፍታል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች «ማን አባረራችሁ?» እያሉ ይስቁብን ነበር። እኔ ዳገት አይከብደኝም፤ አስቴር ግን ትንፋሿ ቶሎ ይቆረጣል። ስለዚህ ከጎኗ ሆኜ «እስከዚያች ዛፍ፣ እስከዚያች ብቻ» እላታለሁ። የቅጥሩ የሩጫ ፈተና ላይም እንዲሁ አብረን እንደምንሮጥ ተነጋግረናል። ስንመለስ ከደቡብ የመጡት እናቷ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ያቀርቡልናል፤ አፋችን እየነደደ፣ እየሳቅን እንበላለን።

የምዝገባው ቀን ረጅም ሰልፍ ነበር። መዝጋቢው ጸጉሩ የሸበተ ፖሊስ ነው። ወረቀቴን አይቶ መነጽሩን ዝቅ አደረገ።

«የኮሌጅ ተማሪ ነሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? በዚህ ከገባሽ ማዕረግ ስትጠብቂ ዕድሜሽን ትፈጂያለሽ። ዲፕሎማሽን ያዢና በእጩ መኮንንነት ተወዳደሪ። ለገዛ ልጄም የምላት ይህንኑ ነው።»

ዞር ስል አስቴር ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ውጪ» አለችኝ፤ «ልክ ናቸው እኮ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ያለኝ መንገድ ይሄ ነው። ግን ነገ ሩጫው ላይ ትመጫለሽ አይደል? ዳር ዳሩን ብትሮጪም ማንም አይከለክልሽም።»

«እመጣለሁ» ብያት ከሰልፉ ወጣሁ።

አልሄድኩም። በማግስቱ ዘንቧል፤ ዝናብ ግን ከዚያ በፊት አስቀርቶኝ አያውቅም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰዓቱን አሳለፍኩት። በማልቀጠርበት ሩጫ ምን አገባኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር ፊቷን ማየት ፈርቼ ነበር። ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና ማለፏን እናቷ ነገሩኝ። ለሥልጠና ስትሄድም አልተሰናበትንም።

ከዓመታት በኋላ ምክትል ኢንስፔክተር ሆኜ እዚያው ሰፈራችን አጠገብ ወዳለ ጣቢያ ተመደብኩ። አባላቱ ተሰልፈው ሲቀበሉኝ አስቴር በሁለተኛው ረድፍ ቆማለች፤ ሳጅን ሆናለች። ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠችኝ። መለስኩላት።

በዚያው ሳምንት እማማ ብርቄ የሚባሉ አሮጊት በአጥር ከጎረቤታቸው ተጣልተው መተላለፊያው ላይ ተቀመጡ፤ አልነሳም አሉ። እኔ ቆሜ ሕጉን አስረዳኋቸው። ቀና ብለውም አላዩኝ። አስቴር ቆቧን አውልቃ ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠየቀቻቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክንዷን ይዘው ተነሱ።

ስንመለስ «እንዴት አድርገሽ ነው?» አልኳት።

«እርስዎ ሕጉን ያውቁታል። እኔ ደግሞ እማማ ብርቄን አውቃቸዋለሁ።»

ከሰላምታው ይልቅ «እርስዎ» ማለቷ ከበደኝ። «አስቴር፣ ያን ቀን ሩጫው ላይ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጠብቄሽ ነበር» አለች። በአንቺታ ስትጠራኝ ከተመደብኩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ሩጫው ከተጀመረ በኋላም ወደ ኋላ አይ ነበር። ኋላ ግን ተውኩት፤ መዞሩ ትንፋሽ ይጨርሳል።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። «አልፏል» አለችኝ። ከዚያ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን፤ ሥራችንም ያማረ ነበር። ቤቷ ግን አንድም ቀን አልጠራችኝም፤ እኔም ሳልጠራ አልሄድኩም።

ትናንት ሕይወትን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ መወሰኗን ነገረችኝ፤ ደስ ብሏታል። ምክሬን ዛሬም አልለውጠውም። ያ ሸበቶ ፖሊስ ልክ ነበር፤ ከሰልፉ በመውጣቴም ተጸጽቼ አላውቅም። በማግስቱ ግን ሄጄ ከአስቴር ጎን መሮጥ እችል ነበር። እሱ ዲፕሎማዬን አያስቀርብኝም ነበር።