የቅጣው በረት ዋጋ

በላይ አምባ መንደር ቅጣው ማንም ያልሞከረውን ሞከረ፤ የበግ በረት በእንጨት አቆመ።

ላይ አምባ ከዘመሮ ወደ ወንጪት ገደል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የመንዝ መንደር ናት። ውርጩ ዛፍ አያሳድግባትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለውን ጽድ ደግሞ የሚደፍር የለም። ስለዚህ ሰዉ በድንጋይ ይክባል፣ በጓሳ ሣር ይከድናል፣ ኩበት ያነዳል። በጉም ጣራ በሌለው የድንጋይ ጉረኖ ያድራል። አንድ ክረምት ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ አድሮ የቅጣውን መንጋ እኩሌታ ፈጀው። ቅጣው የበጎቹን ሬሳ እየጎተተ ገደል ሲጥል ዋለና እጁን ሳይታጠብ ለሚስቱ ለጠጄ፣ ከእንግዲህ በጎቼ የሚያድሩት ጣራ ሥር ነው አላት።

አራት በጋ ፈጀበት። ከታናሽ ወንድሙ ከአዳነ ጋር ወንጪት ቆላ እየወረዱ ወይራ ይቆርጣሉ፤ ግንዱን ለሁለት ተሸክመው ፍየል በሚፈራው አቀበት ይወጣሉ። መንደሩ ሳቀባቸው። ከሁሉ ይበልጥ የሚስቀው ጎረቤቱ ገብረየሱስ ነበር፤ ቅጣው ለበጎቹ አዳራሽ ሠርቶ ግብር ሊያበላቸው ነው እያለ ሰንበቴ ላይ ሰዉን ያንከተክተው ነበር። በሦስተኛው በጋ አዳነ የወባ ንዳድ ይዞት ከቆላ ወጣ፤ ሳምንት ሳይሞላው ተቀበረ። ቅጣው ወንድሙን ቀብሮ የሚቀጥለውን በጋ ብቻውን ወረደ።

በረቱ ሲያልቅ ግን የሚስቅ ጠፋ። ቋሚዎቹ ውፍረታቸው ከሰው ወገብ የማያንስ ወይራዎች ናቸው፤ ክዳኑ ጠብታ አያስገባም፤ ከላይ ደግሞ ድርቆሽ የሚከመርበት ሰፊ ቆጥ አለው። በዚያ ክረምት አንድ ግልገል እንኳ አልሞተበትም። ገብረየሱስ ራሱ ዝናብ አባሮት ገባና ከአንዱ ቋሚ ሥር ተቀመጠ። እንጨቱን በመዳፉ ሲዳብስ ቆየና፣ «አያ ቅጣው፣ ያን ሁሉ የተናገርኩበትን አፌን ይቁረጠው» አለ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ለማደስ ደቦ ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ሆነ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ምሽግ ተሠራ። የምሽጉ በቅሎዎች ጥይት ጭነው አርበኞች ወዳሉበት ወደ መርሐቤቴ በኩል ይመላለሳሉ። ለእነሱ ድርቆሽና ገብስ ማኖሪያ ሲፈለግ፣ በዚያ ሁሉ አገር ጣራና ቆጥ ያለው ሰፊ ቤት የቅጣው በረት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጠዋት የምሽጉ መቶ አለቃ አስተርጓሚውን አፈወርቅን አስከትሎ መጣ። አፈወርቅ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ኮት የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። መቶ አለቃው ቋሚዎቹን በዱላው እያንኳኳ ዞረ፣ ወደ ቆጡም አንጋጦ አየና አንድ ነገር ተናገረ። አፈወርቅም፣ መንግሥት በረቱን ይፈልገዋል፣ ነገ ሕዝብ ባለበት ዋጋውን ትናገራለህ አለው።

ቅጣው ሊከፈለው ነው ብሎ አሰበ። ሌላ ምን ያስብ? እሱ በሚያውቀው ገበያ ሰው ዋጋ የሚጠይቀው ሊገዛ ሲል ነው።

ያን ቀን ከጠጄ ጋር በረቱን እየዞሩ ሲገምቱ ዋሉ። የወይራ ግንድ መንዝ ውስጥ ገበያ ስለሌለው ከየት እንደሚጀምሩ ጨነቃቸው። በመጨረሻ ያወጡትን መደመር ጀመሩ። ከሰው ተውሶ ገደል የገባችበት በቅሎ አለች፤ ካሳዋን ከፍሏል። የተሰበሩ መጥረቢያዎች አሉ። ለደቦው የታረደው በግ፣ የተጠመቀው ጠላ፣ ልጡ፣ ሣሩ፣ በየበጋው ሳይታረስ ያደረው መሬት፤ ይህ ሁሉ ሲጠራቀም ሰማንያ ጠገራ ብር ገደማ ሆነ። ቅጣው ደስ አለው። ሰማንያ ብር ብዙ ነው።

ጠጄ ግን ከመካከለኛው ቋሚ አጠገብ ቆማ ቀረች።

«አዳነስ?» አለችው።

«አዳነ ምን?»

«ይሄን በረት ሲል አይደል የሞተው? ጠላት ከሚበላው የወንድምህን ደም ጨምረህ ጥራው። እነሱ እንደሆነ ብር አያልቅባቸው።»

ቅጣው የወንድሜን አጥንት አልሸጥም ብሎ ተቆጣት። ከሰዓት በኋላ ግን ሐሳቡ ሲያላውሰው ቆየ። የተሳቀበትን አሰበ፤ ብቻውን ግንድ ሲጎትት ትከሻው የተላጠበትን አሰበ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ሽማግሌው አቶ ዓለሙ ወሬውን ሰምተው መጡና አሳንሰህ ጥራ ብለው መከሩት፤ ጠላት ፊት የከበረ ነገር ያለው ሰው አይሰነብትም አሉት። ቅጣው እሳቸውን በአክብሮት ሸኛቸው፤ በልቡ ግን ቀንተው ነው አለ። ሲመሽ ዋጋው ሁለት መቶ ብር ደርሶ ነበር።

በማግሥቱ ሕዝቡ በረቱ ፊት ተሰበሰበ። ቅጣው ሁለት መቶ ብር ሲል ሰዉ አጉረመረመ። አፈወርቅ ቀና ብሎ አየውና፣ ሐሰት ቢሆን ቅጣት እንዳለው ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ቅጣው በቅዱስ ሚካኤል ማለ። ያ አልበቃም፤ ከመንደሩ የሚመሰክር ተፈለገ። ያን ጊዜ ገብረየሱስ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ፊት ወጣ።

«ይበልጣል እንጂ አያንስም። እኔ ክዳኑን በእጄ ከድኜዋለሁ» አለ።

ሌሎችም አንድ በአንድ ተከተሉት። ጎረቤታቸው በልፋቱ ልክ እንዲከፈለው ብለው፣ ከጠላት ኪስ የሚወጣ ብር ማንንም አይጎዳም ብለው፣ ልባቸው ቀና ሆኖ መሰከሩ። አቶ ዓለሙ ብቻ አልመሰከሩም። መቶ አለቃው ጻፈ፤ ለአፈወርቅም ነገረው። አፈወርቅ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ አስታወቀ። ከዛሬ ጀምሮ በረቱና በውስጡ ያለው በላይ አምባ ሰው ዋስትና ሥር ነው። መንደሩ በተራ ይጠብቀዋል። ቢቃጠል ወይም ቢጎድል፣ ባለቤቱ ምሎ መንደሩ የመሰከረለትን ሁለት መቶ ብር ሕዝቡ ይከፍላል። በተራው ሳይጠብቅ የቀረ ወይም ያስደፈረ ደግሞ በጥይት ይቀጣል።

ቅጣው ስንት ይከፈለኛል ብሎ ጠየቀ። አፈወርቅ ጥያቄውን ለመቶ አለቃው ሳይተረጉም፣ «ስለ ክፍያ ያነሳ ሰው አለ እንዴ?» አለው።

ሰዉ ወደየቤቱ ተበተነ። ጠጄ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። በሳምንቱ የቅጣው በጎች ወደ ድንጋዩ ጉረኖ ተመለሱ፤ በረቱ በምሽጉ ድርቆሽ ሞላ።

ቅጣው ጥቂት ቀን ታግሦ ወደ ምሽጉ ወጣ። እንጨቱን ነቀዝ በልቶታል፣ ሥሩ በስብሷል፣ ሰማንያም አያወጣም፣ ሳላስተውል ነው የማልኩት፣ ብሎ ለአፈወርቅ አመለከተ። በገዛ እጁ የተከለውን እየረገመ ብዙ ተናገረ። አፈወርቅ በትዕግሥት ሰማውና፣ «እንግዲያው መንግሥትን ዋሽተሃል» አለ። በጉማሬ አለንጋ ተገረፈ። ዋጋው ግን ሁለት መቶ እንደሆነ ቀረ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ጀርባውን ያጠበችው ጠጄ ናት።

ወዲያው ደግሞ ሌላ መጣ። ቀየት ገበያ የበግ ጠጉር ሊሸጥ ወርዶ ሳለ የጠጄ ወንድም ጌጡ ገዢ መስሎ ቀረበው። ጌጡ ከአርበኞቹ ጋር ከገባ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ጠጉሩን እያገላበጠ፣ በሚመጣው ሳምንት፣ ጉም በወደቀበት ቀን በረቱን እናቃጥለዋለንና ከዚያ አካባቢ ራቅ አለው። ቅጣው ለመነው። በጎቼን ውሰዱ፣ ገብሴን ውሰዱ፣ እኔ ራሴ ልሰለፍ፣ ይሄን ግን ተዉ፤ መንደሩ ይጠፋል አለው።

«ድርቆሹ ካለ በቅሎው አለ፤ በቅሎው ካለ ጥይቱ እኛ ላይ ይደርሳል» አለ ጌጡ። «ደግሞ ሁለት መቶ ብር የሚያወጣ የጠላት ንብረት ነው ብለው ነው አለቆቻችን የቆረጡት። ወሬው ከአንተው ነው የወጣው።»

ቅጣው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ አልታወቀውም። ለምሽጉ ቢናገር ጌጡ ይሰቀላል፤ ሚስቱን ምን ብሎ ያያታል? አገሩንስ? ለመንደሩ ቢናገር ጠባቂው ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ማን አስጠነቀቀ ተብሎ ጠጄም እሱም ይመረመራሉ፣ ምስጢሩም ይወጣል። ስለዚህ ለማንም አልተናገረም። ለጠጄም ቢሆን።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጠዋት ጉሙ ከወንጪት ተነሥቶ መንደሩን ዋጠው። የጥበቃ ተራው የገብረየሱስ ነበር። ዱላውን ይዞ በቅጣው ደጅ ሲያልፍ ሰላምታ ሰጠው። ቅጣው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አፉን ከፈተ። ገብረየሱስ የሚለው ነገር ያለ መስሎት ቆም አለ።

«ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርብ» አለው ቅጣው።

ገብረየሱስ ሳቀና ሄደ።

አርበኞቹ አልገደሉትም። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው እጅ እግሩን አሰሩ፣ ራቅ አድርገውም አጋደሙት፤ ጌጡ ራሱ ጋቢውን አለበሰው። ከዚያ እሳቱን ለኮሱ። ወይራ ሲነድ እንደ ሌላ እንጨት አይደለም፤ ሙቀቱ ከሩቅ ፊት ይገርፋል። ወታደሮቹ ከምሽጉ ሲደርሱ ጣራው ተደርምሶ ነበር። ገብረየሱስን እንደታሰረ አገኙት። መቶ አለቃው ገመዱን እንዲፈቱለት አዘዘ፤ ቆሞ እንዲሄድም አደረገው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ፣ ሚስቱ ወለተኪዳን እያየች፣ ያስደፈረ በሚለው ቃል መሠረት ተረሸነ።

ቀብሩ ሳያልፍ ሁለት መቶው ብር ተጠየቀ። ብር ያለው ሰው ስለሌለ በበግ ተሰበሰበ። በጎቹን የሚገምተው አፈወርቅ ነበር። ገበያ ሁለት ብር የሚያወጣውን ሙክት አንድ ብር፣ እናቲቱን ደግሞ ከነግልገሏ አንድ ብር አላት። አንዲት ሴት ይህ ግፍ ነው ብትል፣ ለእንጨቱ ዋጋ ስትሰጡ ማን ከለከላችሁ ብሎ መለሰላት። ከቅጣው ጉረኖ የቀረ የለም፤ ከገብረየሱስ ጉረኖም የቀረ የለም፤ የሟች በግ ይተው ብለው አቶ ዓለሙ ቢለምኑ የሚሰማ አልተገኘም። በዚያ ክረምት ላይ አምባ የሚፈተል ጠጉር አልነበራትም። ሕፃናትና ሽማግሌዎች በብርድ ሞቱ፤ አቶ ዓለሙም ከእነሱ ጋር።

መንደሩ ግን ቅጣውን ጨርሶ አልጣለውም። እሱ ቢምል እኛም መስክረንለታል አሉ። ወለተኪዳን እንኳ አንዳንድ ቀን እሳት ልትጭር ትመጣ ነበር። እሱም ሳትጠይቀው መሬቷን ያርስላት ጀመር። ጠጄ ባሏ ስለ ሟቹ አዝኖ ነው ብላ ታመሰግነው ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጌጡ በጎፈሬው፣ ጠመንጃውን አንግቶ ተመለሰ። ሰንበቴ ላይ የክብር ወንበር ተሰጠው። ጥቂት ጠጅ ቀምሶ ተነሣና ስለ አርበኞቹ ተናገረ፤ እህቱን ጠጄን አመሰገነ፤ ከዚያ ወደ ቅጣው ዞረ። ይህ ሰው ስሙ እንዲነሣ እፈልጋለሁ አለ። የሠራው ቤት እንደሚቃጠል እኔ ራሴ ነግሬው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ለሰው ቀርቶ ለሚስቱ ሳይናገር የቻለ ጀግና ነው አለ።

ጌጡ ሊያከብረው ነበር። ሰዉ ግን ዋንጫውን እንደያዘ ቀረ።

ወለተኪዳን ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ድምፅዋን አላነሳችም።

«ጌጡ ልጄ፣ ቀኑን ያውቅ ነበር?»

ጌጡ ገና አልገባውም። «ጉም ሲወድቅ ብዬው ነበር፣ እናቴ» አለ።

ወለተኪዳን ቅጣውን አየችው። እሱም አያት። ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ያን ጠዋት ባሏ የሚለውን ሊሰማ ደጁ ላይ ቆሞለት እንደነበረ ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እሷም ስለማታውቅ ልትጠይቀው አልቻለችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ሴቶቹ ተከተሏት። ከሁሉ ኋላ ጠጄ ወጣች፤ ያን ቀን የሄደችው ወደ ወለተኪዳን ቤት ነው። በኋላም ወደ ባሏ ቤት የተመለሰችው ዕቃዋን ልትወስድ ብቻ ነው።

ቅጣው ማረሱን አላቋረጠም። ወለተኪዳንም አልከለከለችውም፤ መሬቱ መታረስ ነበረበት። በሚያርስበት ሰዓት አንድ ቂጣ ደጇ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ታኖርለትና ሳትጠራው ትመለሳለች። አንዳንድ ቀን ይበላው ነበር፤ አንዳንድ ቀን ለቁራ ይተወዋል።