ሲሚንቶው የሚወስደው

የያዙኝ ማንበብ በማልችለው ወረቀት ነው። ሊሙ ገነት ገበያ ውስጥ አንድ ሰው እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፤ እኔም ኪሴ ከተትኩት። ፖሊሱ ሲያወጣው ምን ይላል አለኝ። አላውቅም፣ ፊደል አልቆጠርኩም አልኩ። በጥፊ አጮለኝ። ከዚያ በኋላም ያንኑ ጠየቁኝ፣ ያንኑ መለስኩ። መሃይም መሆኔን እንኳ የሚያምነኝ ጠፋ።

ጣቢያው ስለሞላ ያጎሩን ቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት። ጥጉ ላይ የቡና ገለባ ተከምሯል። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ባለ መጋዘን ቡና ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ የጅማ ልብስ ሰፊ፣ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። ሌላው የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ገና ወጣት፣ የውስጥ እግሩን ተገርፎ መቆም የማይችል።

አስተማሪው እዚያም ማስተማር አልተወም። አንድ እጄን ብረቱ በር ላይ፣ ሌላውን የእንጨቱ መቃን ላይ አስደረገኝና የትኛው ይቀዘቅዛል አለኝ። ብረቱ አልኩ። እኩል ናቸው አለ። መጠነ ሙቀታቸው አንድ ነው፤ ብረቱ ያንተን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ ነው። ሙቀት ከጋለው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ የሚያስኬደውም ልዩነቱ ነው። ይህን አውቀህ ነው እዚህ የገባኸው አልኩት። ሽማግሌው ሳቁ። እሱም ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ወባ ተነሳበት። እጄን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ የቡና ክምር ውስጥ እንደምከተው። ይፋጃል። እሸት ቡና ተከምሮ ሲግል መላው አንድ ነው፤ ቶሎ በትነህ ወለል ላይ ታሰጣዋለህ፤ አለዚያ ይበላሻል። የማውቀውን አደረግሁ። ጋቢውን ገፈፍኩት፣ ሸሚዙን አወለቅሁለት፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ዘረጋሁት። ሽማግሌው ሶላት ላይ ስለነበሩ አላዩኝም።

ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። መጋዘኑ ባንዴ ቀዘቀዘ። የአስተማሪው ጥርስ ተንገጫገጨ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። እኔ እኮ እየበረደለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ሲሚንቶው እየወሰደው ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ሙቀቴን። እኩል እስክንሆን አይተወኝም።»

«እኩል ስትሆኑስ?»

«ያኔ ሬሳ ነኝ።»

ሽማግሌው ሶላታቸውን ጨርሰው ዞሩ። «ኢልመኮ፣ ምን አደረግኸው ልጄ» አሉኝ። ገለባውን አፍሼ ወፍራም አድርጌ አነጠፍኩ፤ ተሸክመን አስተኛነው። ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው ደረቡለት፣ የቆሰለ እግሩን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ከጀርባው ተኝቼ ደረቴን ለጠፍኩበት፤ ጋቢውን በላያችን ሳብኩ። አጥንቱ ሲንቀጠቀጥ የኔም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

በሩ ተከፈተ። ዘበኛ ሲገባ ቆሞ እጅ መንሳት ሕጉ ነበር።

«ተጋባችሁ እንዴ? ተነስ» አለኝ።

ጀግና አይደለሁም። ሲገርፉኝ እናቴን ጠርቼ አልቅሻለሁ። ግን አልተነሳሁም። ጎኔን በጫማው መታኝ። ሁለተኛም መታኝ።

«ከተነሳሁ ሙቀቱ ይሄዳል» አልኩት።

ያበድኩ መስሎት ቆም አለ። ሽማግሌውም የአስተማሪውን እግር ሳይለቁ፣ «ልጄ፣ መምታትህን ጨርስና በሩን ዝጋው። ብርድ ይገባል» አሉት። ሦስተኛውን መታኝና ዘግቶት ወጣ።

ሲነጋ አስተማሪው በሕይወት ነበር። ሁለት ሰዎች መጥተው ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑት። ጋቢውን እስከ አንገቱ አለበስኩት። ወዴት ነው አልኩ። መኪናው ተነስቶ ሄደ።

ፊደል የቆጠርኩት ካርባ ዓመቴ በኋላ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት መጽሐፍ የፊዚክስ ነበር። ሻጩ ለልጅህ ነው ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት። እየተንተባተብኩ አስተማሪው ያለኝን ፈልጌ አገኘሁት። ሁለት አካላት ሲነካኩ መጠነ ሙቀታቸው እኩል እስኪሆን ድረስ ሙቀት ይተላለፋል ይላል። አንድ መስመር ናት። ብዙ ጊዜ አንብቤያታለሁ፤ ስህተት የለባትም።

የአስተማሪውን ሬሳ ግን ማንም አላሳየኝም። ስለዚህ ከሲሚንቶው ጋር እኩል ሆነ ብዬ አልፈርምም።