ለመሸነፍ ፈቃድ ያወጣች ነጋዴ

የሻረግ ንግድ ፈቃድ ያላት፣ ማኅተም ያሠራች፣ ግብር የምትከፍል፣ ነገር ግን አንዲት ሚስማር እንኳ ሸጣ የማታውቅ ነጋዴ ነበረች። ሥራዋ መሸነፍ ነው። ኧረ አትሳቁ! መሸነፍም ሙያ ይጠይቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረዳውን ስም አልጠራም፤ ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ ሲወረድ ነው ብዬ ልለፈው። የሕዝብ ገንዘብ እንዳይበላ ተብሎ፣ ጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ሲገዛ ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ሰብስቦ ትንሹን ይመርጣል። ደግ ሕግ ነው፤ ያወጣውን እግዜር ይስጠው። በከተማዋ ያለው የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ግን አንድ ብቻ፣ የባሏ የደሴ ሱቅ ነው። ታዲያ ሕግ ይጣስ? ምን ሲደረግ! ደሴ ለወንድሙ አንድ፣ ለሚስቱ አንድ ፈቃድ አወጣላቸው። ግዥ በመጣ ቁጥር እሱ ዋጋውን ይናገራል፣ እነሱ በየእጃቸው ይጽፋሉ። ወንድምየው ትንሽ ጨመር ያደርጋል፣ የሻረግ ከሁሉም ታስበልጣለች፣ ደሴ ያሸንፋል። የግዥ ኃላፊው ፍሬው ደግሞ በማግስቱ ከደሴ ጋር ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ ይታያል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ፍሬው ከዳዊቱ አስበልጦ ነው የያዘው።

የሻረግ ምንም አይከፋትም ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ለእሷ ከሩቅ የሚመጣ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ነገር ነው።

በመጋቢት ግን ንፋስ ተነሣና የትምህርት ቤቱን የስምንት ክፍል ቆርቆሮ ገሽልጦ ወሰደው። ርዕሰ መምህሯ ብርነሽ ወላጆችን ሰብስበው፣ «የተመደበው ገንዘብ ባለፉት ዓመታት ዋጋ ሲሰላ የሚበቃው ለአራት ክፍል ነው፤ የቀሩት አራቱ ለከርሞ ይቆያሉ» አሉ። የየሻረግ ልጅ፣ ምስራቅ፣ የምትማርበት ክፍል ከቀሩት አንዱ ነው። የቆርቆሮ ነጋዴ ልጅ ዝናብ ሊመታት! ያን ያለፉትን ዓመታት ዋጋ ማን እንዳወጣው የሻረግ አሳምራ ታውቃለች። እዚያው ተቀምጣ ፊቷ ጋለ። አፈረች፤ ከማፈርም አልፋ ተናደደች።

ግዥው ወጣ። ደሴ እንደ ልማዱ «ጻፊ» አላት። እሷ ግን የደብረ ታቦርን የጅምላ ዋጋ አስቀድማ አጠያይቃ ነበርና፣ የመኪናውን ኪራይና የሚገባትን ትርፍ ብቻ ጨምራ ጻፈች። አሸገች፤ ማኅተሟንም አሳረፈችበት።

ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ብርነሽ በታዛቢነት ተቀምጠዋል። ፍሬው የእሷን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ገልብጦም አየው። ላብ አጠመቀው። በአስቸኳይ አስጠራት።

«እትዬ የሻረግ፣ ተሳስተሻል መሰለኝ።»

«ኧረ ትርፌንም አስቤ ነው የጻፍኩት።»

«በማርያም! አንቺ እኮ ተሳታፊ ነሽ፤ አሸንፊ ያለሽ ማን ነው?»

«ሕጉ ትንሹ ዋጋ ያሸንፋል አይደል የሚለው?»

«ሕጉማ ነው…» ብሎ ፍሬው ብርነሽን በጎን አየት አደረጋቸውና የየሻረግን አሸናፊነት መዘገበ።

ደሴ አበደ። ራቱን ተወ፣ መኝታውን ለየ፣ ቀጥሎም ሽማግሌ ሰደደባት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! የመንግሥት ግዥ ቅሬታ በሽማግሌ ተያዘ። ቄስ አለሙ መሀል ተቀመጡ። ደሴ «ባሏን በአደባባይ አሸነፈች፤ አዋረደችኝ» ብሎ ከሰሰ።

«ልጄ» አሉ ቄስ አለሙ፣ «ሄደሽ ተሳስቼ ነው በይና ይቅር። ባልና ሚስት ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ምን ያፎካክራችኋል?»

«ተወዳደሪ ብሎ ፈቃድ ያወጣልኝ እሱው ነው፣ አባ።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ለመሆኑ የምትጣሉበት ገንዘብ የማን ነው?»

«የመንግሥት ነው» አለ ደሴ።

«እፎይ! እንግዲያስ የማንም አይደለማ! በሉ ታረቁ!»

«የማንም ካልሆነ ልጆቹ ይጠለሉበት፣ አባ» አለች የሻረግ። «የአራት ክፍል ልጅ ዝናብ ይምታው ብዬ ፈርሜ፣ በምን አፌ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው? እርስዎስ ይፈቱኛል?»

ሽማግሌዎቹ «እውነቷን ነው» ተባብለው ተበተኑ። ደሴ ግን ከእሱ ቆርቆሮ እንዳታገኝ ሄዶ መጋዘኑን ቆለፈ። እሷም ደብረ ታቦር ሄዳ ቆርቆሮውን በዱቤ አመጣች። ስምንቱም ክፍል ለበሰ። ዝናቡ ሲመጣ ጩኸቱ መምህር አላሰማ አለ እንጂ ደብተር አላረጠበም።

የእሷ ክፍያ ገና ሳይወጣ ከበላይ ኦዲተር መጣ። የደሴን የስንት ዓመት ሰነድ አገላብጦ፣ «ሦስት ሦስት ዋጋ፣ ማኅተም፣ ፊርማ፤ እንዲህ ነው ሥራ!» ብሎ ፍሬውን አመሰገነ። የየሻረግ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ። አስጠራትና፣ «ወይዘሮ፣ ይህ ዋጋ ከሌሎቹ ዓመታት በግማሽ ያንሳል። አጠራጣሪ ነው። ገንዘቡ ለስምንቱም ክፍል እንዴት ሊበቃ እንደቻለ በጽሑፍ ያብራሩ» አላት።

«ላልበቃባቸው ዓመታትስ ማን አብራራ?» አለችው።

«እነሱ ላይ ጥያቄ የለንም፤ ሰነዳቸው የተሟላ ነው» አለና ክፍያዋን አገደ።

የጅምላ ነጋዴው በየሳምንቱ ይደውልባታል። የሻረግ ይኸው እስከ ዛሬ እያብራራች ነው።