ለደቡብ ዋልታ የተፈረመ ዋስትና

በማኔጅመንት ተመርቄ ቦንጋ ስመለስ ሁሉም ማስታወቂያ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ከየት ላምጣ? አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ "ልምድ አያስፈልግም" የሚል የስቶር ኪፐር ማስታወቂያ አገኘሁ። ቦታው ደቡብ ዋልታ፣ በረዶ ላይ ያለ የምርምር ጣቢያ። ሥራው የታሸገ ምግብና ካፖርት ማስረከብ። ስድስት ወር ፀሐይ አትወጣም ይላል። ባትወጣስ? ቤት ቁጭ ብዬ የእናቴን ጥያቄ ከመስማት ይሻላል።

ደግሞ የሚያውቀኝ ሰው ደብዳቤ ይጻፍልኝ ይላል። ይሄ መቼም ዋስ ነው፤ ያለ ዋስ ማን ስቶር ያስረክባል? ከማውቃቸው ደሞዝተኛ ጎረቤታችን ብቻ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ።

"ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ። ሥራው ደቡብ ዋልታ ነው።"

"ዋጫ ከተማን አልፎ ነው?" አሉ እያሾፉ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ "ዕቃ ጎድሎ ብትጠፊ በረዶ ለበረዶ ልፈልግሽ ነው?"

"ወዴት እጠፋለሁ? መናኸሪያ እንኳን የለው!"

ሳቁና ጻፉ። "ከልጅነቷ አውቃታለሁ። ትዕግሥት የላትም። የሰው ዕቃ ግን አትነካም፣ ብርድ አትፈራም፣ ስድስት ወር ጨለማ ትችላለች።"

"ትዕግሥት የላትም የሚለውን ያውጡት እንጂ!"

"ዋስ የምሆነው ለማውቃት ልጅ ነው።"

ቀበሌ ማህተም ሳስመታ ጸሐፊዋ፣ "ደቡብ ዋልታ እኛ ክልል ነው?" አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ፣ ማን ያስረዳል? "አዎ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ" አልኳት። መታችው። ደብዳቤውን ስካን አድርጌ ላክሁ፤ ወር ሙሉ ምንም መልስ የለም።

በዚህ መሀል፣ ደካ ከተማ ያለው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስቶር ኪፐር ፈለገ። ተፈትኜ አለፍኩ። "ሰኞ ዋስ ይዘሽ ካልመጣሽ ተጠባባቂዋን እንጠራለን" አሉኝ። ወደ ጋሼ በረርኩ።

"በአንድ ደሞዝ አንድ ሰው ነው" አሉ። "አንቺን ለዋልታ ሰጥቻለሁ። ከነሱ መልቀቂያ አምጪ።"

"ጋሼ፣ መቼ ቀጠሩኝና ነው የሚለቁኝ?"

ወይ ፍንክች! ሰኞ ጭቃውን እያቦካሁ፣ ያንኑ የዋልታ ደብዳቤ ይዤ ደካ ገባሁ። የቢሮው ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብለው አነበቡት። "ትዕግሥት የላትም" ላይ ሲደርሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ስድስት ወር ጨለማ ትችላለች" ላይ ቆም አሉና አምፖሉን ቀና ብለው አዩት።

"መብራት ከሄደ ሁለት ወሩ ነው" አሉ። "የበፊቷ ስቶር ኪፐር በሳምንቷ ነው ጥላን የሄደችው። ይቺ ጥሩ ሠራተኛ ናት። ግን ዋስትናው ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው።"

"ለጻፉት መምህር ይደውሉላቸው" አልኩ። ደወሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁንም ከፈቱት።

"መምህር፣ ይቺ ልጅ ብትጠፋ ዋልታ ነው ደካ የሚቀርብዎት?"

 

"ደካ ከሆነ" አሉ ጋሼ፣ "ቅዳሜ ክፍለ ጊዜ የለኝም፣ መጥቼ ጎትቼ አወጣታለሁ። ይሁን፣ በሚቀጥለው መኪና አዲስ ደብዳቤ እልካለሁ።"

የስቶሩን ቁልፍ የዚያኑ ሳምንት ተረከብኩ። ዋልታው እንደጠፋ ቀረ። ጋሼ ግን ቦንጋ በወጣሁ ቁጥር፣ "መልቀቂያው መጣ?" ይሉኛል።