ቦሰና ያልወጣችው የውኃ ደረጃ

አሜሪካ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና፣ ዳኛቸውን የሚያውቅ ሁሉ «ካፒቴን» ነው የሚለው። ሥራው ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነው። ካፒቴን ያሰኘው አፉ ነው። በጎረምሳነቱ ከአሰብ ተነሥቶ በአንድ የግሪክ ዕቃ ጫኝ መርከብ ሲሠራ የፓናማን ቦይ አቋርጧል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምግብ ቤት ገብቶ ሦስት ብርጭቆ እንደ ቦዩ ደረጃዎች ከደረደረ ማንም አያስቆመውም።

«ሰው መርከብ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ተራራ ሲወጣ አይቻለሁ! ግንብ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ከኋላው ሁለት የብረት በሮች እንደሚጸልይ ሰው መዳፍ ይገጥማሉ። ከዚያ ውኃው ከሥር ይመጣል። ፓምፕ የለ፣ ምን የለ! ከላይ ያለው ሐይቅ በገዛ ክብደቱ በቦዩ ሆድ ወርዶ መርከቡን ሽቅብ ያነሣዋል። ሲሞላ የፊቱ በር ይከፈታል፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ!»

«ካፒቴን፣ ብርጭቆውን መልስ፤ ሰው ይጠጣበት» ይለዋል ካሣዬ። ታክሲ ነጂው ካሣዬ በዚያው መርከብ አብሮት ሠርቷል።

ዳኛቸው አይሰማውም። ፈረንሳዮቹ መሬቱን እስከ ባሕር ጠለል እንቆፍራለን ብለው ሲደክሙ ተራራው በላያቸው እየተናደ፣ ቢጫ ወባ እየፈጃቸው ጥለውት እንደሄዱ፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ወንዙን ገድበው ሐይቅ እንደሠሩና ተራራውን ዝቅ ከማድረግ መርከቡን ከፍ ማድረግ እንደመረጡ ይተርካል። ከካሪቢያን ደሴቶች መጥተው እዚያው የቀሩት ቆፋሪዎች ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል።

ከሁሉ ይልቅ በጉጉት የምታዳምጠው ሚስቱ ቦሰና ነበረች። ሳንታ ሞኒካ ሽማግሌዎችን ስታስታምም ኖራለች፤ ከአልጋ ስታነሣ፣ ወደ አልጋ ስትመልስ ወገቧ አለቀ።

«ከባድ ነገር የማንንም ወገብ ሳይሰብር ሲነሣ አንድ ቀን ማየት አለብኝ። መቼ ነው የምትወስደኝ?»

«ራኬብ ትመረቅ» አላት። ልጃቸው ራኬብ ተመረቀች። «ሥራው ይርጋ» አላት። ሥራው ረጋ። «ጉልበቴን ይሻለኝ» አላት። መንገደኛ የሚጭነው መርከብ እዚሁ ቅርብ ካለው ከሳን ፔድሮ ወደብ ተነሥቶ ፓናማ ይወርዳል፤ ሩቅ አልነበረም።

ያላስኬደው ሆዱ የሚያውቀው ነገር ነው። ያን ቀን፣ መርከቡ ከውቅያኖስ ወደ ውቅያኖስ ሲሻገር፣ እሱ ታች ሞተር ክፍል ተረኛ ነበር። አንዲት በር አላየም። የሚያወራው ሁሉ፣ ያን ቀን ከላይ ቆመው ያዩት ባልደረቦቹ በእራት ሰዓት ያወሩት፣ በኋላም ከመጽሐፍ የለቀመው ነው። እዚያ አድርሷት «የት ጋ ቆመህ ነበር?» ብትለውስ? ይሉኝታ እግሩን አሰረው፤ ዓመቱም እንደ ውኃ ፈሰሰ።

አምና ራኬብ ሳትነግራቸው ለሁለቱም ትኬት ቆረጠች። ሳይጓዙ የቦሰና ኩላሊት ደከመ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን መታጠብ ጀመረ። ሐኪሙ ይህን ጉዞ እርሺው አላት። ከሆስፒታል ሲመለሱ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ አንጎራጎረች፦

«መርከቡስ ይነሣል ውኃ እየገፋው፣
የኛን ቀጠሮማ ማን ደግፎ ያንሣው።»



አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራኬብ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። «እማዬ፣ ላይቭ ነው። ካሜራው እዚያው ቦዩ ላይ ነው፤ ኦኬ?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀይ መርከብ ገባ፤ በሮቹ ገጠሙ። ሕንፃ የሚያህለው ብረት እንደ እርሾ ቀስ እያለ ከግንቡ በላይ ብቅ አለ። ቦሰና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንተ የት ጋ ቆመህ ነበር?»

የመርከቡን አፍንጫ ሊያሳያት ጣቱን አነሣ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ተወው» አለችው። «ካሣዬ ነግሮኛል።»

«መቼ?»

«ራኬብን አርግዤ ሳለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ያ ሁሉ ሰው የሚሰማውን ባሌን ላዋርድ? ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነው። በኋላማ መሄዱን ባነሣሁብህ ቁጥር ፊትህ ሲጠቁር እያየሁ ማንሣቱን ተውኩት።»

«እዚያ ስንደርስ ትንቂኛለሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ወይ አንተ! እኔ ላየው የፈለግሁት መርከቡን ነው፤ አንተንማ በየቀኑ አይሃለሁ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ ሞላ። ዳኛቸው መሬት መሬት አየ። እሷ ዝም ብላ ስትጠብቀው፣ እሱ ዝም ብሎ ሲሸሻት፣ ጤናዋ በመሃላቸው አልፎ ሄዷል።

«እሺ፣ ታች ምን ነበር?» አለችው።

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሙቀቱን ነገራት፤ ሞተሩ ድምፁን ሲቀንስ ውኃው ከሥር ብረቱን እየላሰ ሲገባ የሚሰማውን ሹክሹክታ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ የብረቱ ቅዝቃዜ በክንዱ እስከ ትከሻው ሲወጣ እንደተሰማው። ብርጭቆ አልደረደረም። ድምፁም የካፒቴን አልነበረም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ቀዩ መርከብ ወጥቶ ሌላ ገባ። ቦሰና ብርድ ልብሷን ሳበች።

«ከዚህኛውም ሥር ሰው አለ?»

«አለ» አላት። «ሁልጊዜ አለ።»