የሙሉሐረግ አንድ ተኩል

ሙሉሐረግ እንዝርት ይዛ ስትቀመጥ ላያት በሽተኛ አትመስልም ነበር። ድሯ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ቢስቡት የማይበጠስ ነው፤ የመካነ ሰላም ሸማኔዎች በእጃቸው ዳሰው ብቻ የሷ ፈትል መሆኑን ይለዩታል። ዕድሜዋ አርባ አምስት ቢሆን ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ በወንድሟ በዋለ ግቢ፣ ከሳሎኑ ጀርባ በተለጠፈች ጠባብ ክፍል ትኖራለች።

የታመመችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከጣራው ላይ ሰዎች በስሟ እየጠሩ «አንቺ እኮ ሞተሻል፤ ከሰው መሀል ምን ትሠሪያለሽ?» ይሏት ጀመር። እየሮጠች ትወጣና ላገኘችው ሁሉ «አልሞትኩም፤ እስቲ ንኩኝ» ትላለች። ሰው መጀመሪያ አለቀሰላት፤ ኋላ ሳቀባት።

በወር አንድ ጊዜ ከደሴ የሚመጣው የአእምሮ ሐኪም፣ ዶክተር ፋሩቅ፣ መድኃኒቷን ለማስተካከል ድፍን ዓመት ለፋ። ማታ ማታ ሁለት ኪኒን ሲያዝላት ጣራው ዝም አለ፤ ግን ምራቋ ይዝረበረባል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንዝርቱም ከጣቷ ያመልጣል። ወደ አንድ ሲያወርደው እጇ ተመለሰ፤ ጣራው ላይ ያሉትም አብረው ተመለሱ። አንድ ቀን ሁለት ልቃቂት ይዛ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይኸ በሁለቱ ጊዜ የፈተልኩት ነው፤ ይኸ ደግሞ በአንዱ። እየው ልጄ።»

የመጀመሪያው እዚህም እዚያም ያበጠ ነው። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ ግን እየጣለችው ትሮጥ ስለነበር በየክንዱ ተበጥሶ ተቀጣጥሏል። ዶክተሩ በጣቶቹ መሀል እያሳለፈ ብዙ አየው።

«እትዬ ሙሉ፣ እኔ ስጠይቅዎት ከሚነግሩኝ ይልቅ ይኸ ነገረኝ። አንድ ተኩል እንሞክር።»

ልክ ሆነ። ግማሿን በምላጭ ራሷ ትከፍላታለች፤ የቀረችውን ስባሪ ለነገ በጨርቅ ትቋጥራለች። ጣራው ዝም አለ፤ እጇም ጸና። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ልቃቂቷን ይዛ ሄዳ ለዶክተሩ ታሳየዋለች። አዝላ ላሳደገቻት ለወንድሟ ልጅ ለመቅደላዊት የሠርግ ቀሚስ የሚሆን ድር ጀመረች።

የመቅደላዊትን ነገር የያዙት ሽማግሌዎች ከአቀስታ የሚመጡበት እሑድ ጠዋት፣ ዋለና ሚስቱ አልታዬ ወደ ክፍሏ ገቡ። አልታዬ ውሃ ይዛለች።

«እት ሙሉ፣ ለዛሬ ብቻ ሦስት ዋጪና ተኚልን።»

«ምን ሆኜ? ደህና ነኝ እኮ። ዝም ብዬ እፈትላለሁ።»

አልታዬ ሳቀች። «የሚያስፈራውማ ዝምታሽ! ደህና ሰው እንዲህ ዝም ይላል?»

ዋለ አልሳቀም። «ሰዎቹ ዘር ይጠይቃሉ። እብድ አለባቸው ከተባለ ልጄ ቆማ መቅረቷ ነው። ስድስት ዓመት ችዬሻለሁ፤ አንቺ አንድ ቀን ቢያቅትሽ ነው?»

ሙሉሐረግ ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየቻቸው። «ዶክተሩ ሲጠይቅ ግን እናንተ ትነግሩታላችሁ።»

«እንነግረዋለን፤ አብሽሪ።»

ዋጠች።

እንቅልፉ ጠልቆ አልወሰዳትም። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሽማግሌ ሲናገር ሰማች። «እንግዲህ አትቀየሙን፤ ከቤታችሁ ሕመም ያለበት ሰው አለ?»

«የለም» አለ ዋለ። «አንዲት እኅት ነበረችኝ፤ እሷም ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ሁሉም።

አልሞትኩም ልትል አፏን ከፈተች። ምላሷ አልታዘዝ አላት።

ሰዎቹ አደሩ። ሰኞም ሦስት ተሰጣት። የሐኪሙ ቀን ማክሰኞ ነበር፤ አንገቷ ወደ ግራ ተጣሞ፣ መንጋጋዋ ተቆልፎ ደግፈው አስገቧት። ዶክተር ፋሩቅ ደንግጦ መርፌ ወጋትና «ስንት ነው የዋጠችው?» አለ።

«እኛማ አምነን ለራሷ ትተንላት ነበር» አለ ዋለ። «ለካ እየደረበች ነው የምትውጠው።» አልታዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ምላሷ ተፈታ። «ዋለ፣ ዋሸህ! እናንተ ናችሁ ያስዋጣችሁኝ። ሞታለች አሉ፣ ልጄ። ነፍስ ይማር ሲሉኝ ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁ።»

ዶክተሩ የካርዷን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠ። «ሞተሻል የሚሏት ድምፆች ትሰማለች» ይላል፤ የገዛ እጁ ጽሕፈት ነው።

«እትዬ ሙሉ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይኸ ድምፅ ከተመለሰብዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ድምፅ አይደለም! ዋለ ነው፤ ይኸ የተቀመጠው!»

ዋለ አንገቱን ደፋ። «ሰሞኑን እንዲህ ነው የምትለው፣ ዶክተር።»

ከጉያዋ የወሩን ልቃቂት አውጥታ ዘረጋችለት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ዶክተሩ ተቀብሎ በጣቶቹ አሳለፈው፤ ፊቱም አዘነ። «እስከ ሰሞኑ ደህና ነበሩ ማለት ነው» አለ። ሁለት ኪኒን አዘዘላት፤ ለመንቀጥቀጡም ሌላ ጨመረላት፤ መድኃኒቱን ቤተሰብ ይያዘው ብሎም ጻፈ። ሲወጡ ትከሻዋን ዳበሳት።

መድኃኒቱ ከአልታዬ ሳጥን ገባ፤ ቁልፉ ወገቧ ላይ ታሰረ። ምላጩንም ወሰደችባት። የተጨመረው ኪኒን መንቀጥቀጡን አላቆመላትም፤ የቀሚሱ ድር ከገበያ ተገዛ። በሠርጉ ዕለት ሙሉሐረግ ሦስት ውጣ ተኛች፤ በሩ ከውጭ ተቆለፈ።

በወሩ ዶክተር ፋሩቅ ጠየቃት። «ሞተሻል የሚልዎት አለ?»

ዋለን አየችው። «ማንም የለም።»

«ፈትሉስ? ዛሬ አላመጡልኝም።»

«ትቼዋለሁ።»

«አብሽሩ፤ በዚሁ እንቀጥል» አለና ካርዱ ላይ «ተሽሏታል» ብሎ ጻፈ።